ስንከፍል ያልተጠየቅነው ጥያቄ

ኧረ ታከተን! መኪና ያለው ሰው በዓመት ውስጥ ስንት ቦታ ተሰልፎ እንደሚከፍል የሚያውቀው ራሱ ነው። ለምርመራ ይከፍላል፣ ለቦሎ ይከፍላል፣ ለሦስተኛ ወገን ይከፍላል፤ አቅሙ የፈቀደለት ደግሞ «ሙሉ ኢንሹራንስ» ብሎ ሌላ ጠቀም ያለ ብር ይጨምርበታል። ይህን ሁሉ ጨርሶ ስቲከሩን መስታወቱ ላይ ሲለጥፍ፣ ከእንግዲህ የመጣው ቢመጣ ባዶ እጄን አልቀርም ብሎ ያስባል። የገዛው ውል ለየትኛው ጉዞ እንደሚሠራ፣ ለየትኛው እንደማይሠራ የሚነገረው ግን መኪናው ከተጋጨ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ነገር ከሁሉም በላይ የምንጎዳው በገዛ መኪናችን ሥራ የምንሠራ ሰዎች ነን። ታክሲ አይደለንም፣ የጭነት መኪናም የለንም። የቤት መኪና ይዘን፣ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰን፣ ከዚያ በዚያችው መኪና የመሥሪያ ቤት ጉዳይ የምናሯሩጥ ነን። ሐዋሳ በእኛ ዓይነት ሰው የተሞላች ከተማ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው ጉዱማሌ መናፈሻ፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። አብዛኞቹ ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ኮድ 2 ናቸው። በወረቀት ላይ ሁሉም የግል ናቸው። በመስኮታቸው ወደ ውስጥ ብትመለከቱ ግን አንዷ የኋላ ወንበሯ ላይ የመድኃኒት ናሙና ካርቶን ደርድራለች፤ የመድኃኒት አስተዋዋቂ መኪና ናት። ሌላዋ የተጠቀለለ የሕንፃ ንድፍና ጭቃ የነካው የሳይት ጫማ ይዛለች። ከፊት ለፊቷ የቆመችው ዳሽቦርዷ ላይ የአንድ ፕሮጀክት መግቢያ ባጅ ተጥሏል። ባለቤቶቹ አሁን ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሐይቁን እያዩ ዓሣ ይበላሉ። ትናንት ዓርብ ግን እነዚሁ መኪኖች ይርጋለም፣ አለታ ወንዶ፣ ዲላ፣ ሻሸመኔ ሲመላለሱ ነው የዋሉት።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጫምባላላ ሰሞንማ አይነሳ! በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ጉዱማሌ ከሲዳማ ሕዝብ አልፎ ከሩቅም እንግዳ ይጠራል። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ የምታርፍ መኪና የለችም። «መኪናህን ለሁለት ቀን ስጠኝ፣ እንግዶች አሉብኝ፣ ነዳጅ በኔ፣ ላንተም ይታሰብልሃል» የማይባል ሰው የለም። ባለ መኪናውም ለወር አስቤዛ የምትሆነውን አስቦ እሺ ይላል። ይቺ «ይታሰብልሃል» የምትባል ነገር የመኪናውን የኢንሹራንስ ውል ከሥሩ እንደምታናጋ ግን ሰጪውም ተቀባዩም አያስቡትም።

ለምን አያስቡትም? ማንም ስላልነገራቸው። ምሬቴ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኢንሹራንስ ስንገዛ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ወኪሉ ይመጣል ወይም እኛ ቢሮ እንሄዳለን። የመኪናው ሊብሬ ኮፒ ይደረጋል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይጻፋል፣ ዋጋው ይገመታል። ከዚያ ቅጹ ይወጣል። ቅጹ ላይ መኪናው ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚጠይቅ መስመር አለ። ወኪሉ ሰሌዳውን አይቶ «የግል» ብሎ ራሱ ይሞላዋል። ቀና ብሎ እንኳ አይጠይቅም። «ጋሼ፣ እዚህ ጋር ይፈርሙልኝ፤ እዚህም፣ እዚህም» ይላል። እንፈርማለን፣ እንከፍላለን፣ ደረሰኝ ይዘን እንወጣለን። በዓመቱ ሲደወልልን ደግሞ «ውልዎ ሊያበቃ ነው፣ ያሳድሱ» ይባላል እንጂ «ሥራዎን ቀየሩ ወይ? መኪናዋ አሁን የት የት ትሄዳለች?» የሚል የለም።

ያቺ መስመር ተመልሳ የምትመጣው አደጋ ሲደርስ ነው። የካሳ መጠየቂያው ቅጽ ላይ አደጋው ሲደርስ መኪናው ምን ሥራ ላይ እንደነበር፣ ከየት ተነስቶ ወዴት ይሄድ እንደነበር፣ ማን ማን ተሳፍሮ እንደነበር ይጠየቃል። ያኔ ጠያቂው ቸኩሎ አይሞላላችሁም። እያንዳንዷን ቃል ያነባል፣ ከትራፊክ ፖሊሱ ፕላንና ሪፖርት ጋር ያመሳክራል፣ «አብረዎት የነበሩት ሰዎች ምንዎ ናቸው?» ይላል። ስንከፍል ማንም ያላነሳው ጥያቄ ሊከፍሉን ሲሉ ዋናው ጥያቄ ይሆናል።

አንድ ወዳጄ የደረሰበትን ልንገራችሁ። ሰውየው በውኃ ሥራ ፕሮጀክት ውስጥ ባለሙያ ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች አይበቁም፤ ስለዚህ ኃላፊው «በራስህ መኪና ሂድ፣ ነዳጁን እናወራርድልሃለን» ይለዋል። ይሄዳል። አንድ ቀን ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ ወደ አለታ ወንዶ ሲጓዝ፣ አፖስቶን ሳያልፍ ከአህያ ጋሪ ለመሸሽ ሲል ከፊቱ ከሚመጣ አይሱዙ ጋር ተጋጨ። ሰው አልሞተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የመኪናው ፊት ግን የለም ማለት ይቻላል። ፕላን ተነሳ፣ መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ገባ፣ ከሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ቅጹን ሲሞላ እውነተኛ ሰው ነውና ለመሥሪያ ቤት የመስክ ሥራ እየሄድኩ ነበር ብሎ ጻፈ። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ ደረሰው፤ መኪናው ከውሉ ውጪ በሆነ አገልግሎት ላይ ስለነበር ካሳ አይከፈልም የሚል።

ደብዳቤውን ያሳየኝ እዚሁ ጉዱማሌ ተቀምጠን ነው። ከደብዳቤው ጋር ያያዘው ባለ ብዙ ገጽ ውል ነበር። የሚመለከተው አንቀጽ በእስክሪፕቶ ተሰምሮበታል። መኪናው ለባለቤቱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ እንደሚያገለግል፣ በክፍያ ሰው ወይም ዕቃ ማመላለስ፣ ማከራየት፣ ለሌላ ሰው ሥራ ማዋል እንደማይሸፈን ይዘረዝራል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ሕግ የተማረ ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ የሚያነበው ዓይነት እንግሊዝኛ። ወዳጄ ዲግሪ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ያልገባው ውል ለባጃጅ ባለቤቱና ለሱቅ ነጋዴው እንዴት ሊገባ ነው?

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። መሥሪያ ቤቱ መኪናው ያንተ ነው አለው። ኢንሹራንሱ ሥራው የእነሱ ነው አለው። ሁለቱም መኪናዋን አናውቃትም አሉ። የነዳጁ ብር ግን ተወራርዷል፤ በፋይል ላይ አለ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማንሳት ይገባል፤ ብዙዎቻችን በጭፍን ነው የምንከራከረው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ሲነዳው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። በአንቀጽ 2130 ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ባጠፋው ጥፋት አሠሪውም ይጠየቃል። ስለዚህ በመስክ ጉዞ ላይ ሰው ብትገጩ ተጎጂው እናንተንም መሥሪያ ቤቱንም ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ይችላል። የገዛ መኪናችሁ ፊት ሲፈርስ ግን፣ መሥሪያ ቤቱ አስጠግነዋለሁ ብሎ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ በር ለበር ስትንከራተቱ ትኖራላችሁ።

በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ የመድን ገቢውን ግዴታ በአንቀጽ 667 እና 668 አስቀምጧል። ውል የሚገባ ሰው የአደጋውን ክብደት ለመገመት የሚረዳውን የሚያውቀውን ነገር ሁሉ ለኢንሹራንሱ መናገር አለበት፤ ሆን ብሎ ከደበቀ ውሉ ይፈርሳል። ሕጉ ፍትሐዊ ነው፣ አልቃወምም። በመኪናው ሥራ የሚሠራ ሰው መንገድ ላይ የበለጠ ይውላል፣ ስለዚህ የበለጠ ቢከፍል ያስኬዳል። እኛም እኮ ጨምሩ ብንባል እንጨምራለን! የከፋን ከጭማሪው ሳይሆን ከዝምታው ነው። ሁልጊዜ ቅጽ የሚያስሞላ፣ የአደጋ ዓይነት የሚያውቅ፣ ይህን ጥያቄ በየቀኑ የሚያየው ሻጩ ነው። ገዢው በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያደርገውን ነገር አዋቂው ዝም ብሎት ኋላ አልነገርከኝም ማለት ከሕግ ቢገጥም ከሕሊና አይገጥምም።

ሌላ አገር ይህ ነገር እንዲህ አልተድበሰበሰም። እንግሊዝ አገር ላይ የመኪና ኢንሹራንስ ሲገዛ ገና ከጅምሩ ይለያል፤ ለመዝናኛና ለቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የሚውል፣ ወደ ቋሚ የሥራ ቦታ መመላለስን የሚጨምር፣ ከአንድ የሥራ ቦታ ወደ ሌላው መዞርንም የሚሸፍን ተብሎ። ሰውዬው መርጦ ይከፍላል። እዚህም ቢሆን ልዩነቱ ትልቅ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም። ከታቦር ተራራ ሥር ካለ ቤቴ ተነስቼ ፒያሳ ወዳለው ቢሮዬ መሄዴ አንድ ነገር ነው። ከቢሮዬ ተነስቼ ለስብሰባ ዲላ መሄዴ ሌላ ነው። በክፍያ እንግዳ ማመላለስ ወይም መኪናዬን ለፕሮጀክት በወር ማከራየት ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ ይህኛው ኮድ 3 የሚባለው የንግድ ሰሌዳ ጉዳይ ጭምር ነው። እነዚህን ሦስቱን ቅጹ ላይ ለይቶ ለመጠየቅ ምን ያስቸግራል?

ሠራተኛውን ስለሚጠብቀው ሕግም እንዲሁ ግር የሚል ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችን የሚያመላልሱ ሰርቪሶችን ጠዋትና ማታ እናያለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ሲሄዱና ሲመለሱ የሚደርስባቸውን ጉዳት የሥራ ላይ አደጋ ነው ይለዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ከሰርቪሱ ኋላ በራሱ መኪና እየነዳ ወደዚያው ፓርክ የሚሄደው ተቆጣጣሪ ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ቢገጭ ያ አንቀጽ አይደርስለትም። አሠሪው አዝዞት በሥራ ሰዓት የሆነ ቦታ ሲሄድ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ትዕዛዙ እንግዲህ በወረቀት ካለ ነው። ስንቶቻችን ነን የመስክ ትዕዛዝ በእጃችን ይዘን የምንወጣው? «ደርሰህ ና» ይባላል፣ ተደርሶ ይመጣል።

የባጃጁ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሐዋሳ ያለ ባጃጅ አትንቀሳቀስም፤ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ሞቢል፣ አቶቴ የሚያደርሰን እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሌላ፣ ሹፌሩ ሌላ ነው። ሹፌሩ የዕለት ገቢ ያስገባል፤ ሲደክመው ወይም ሲታመም ለጓደኛው ይሰጠዋል። ጓደኛው መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ ያለው ፈቃድ ለባለሦስት እግር ይሁን አይሁን ባለቤቱ አያውቅም። አደጋ ሲመጣ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያየው መሪው ላይ የነበረውን ሰው ፈቃድ ነው። በብዙ ውል ላይ ፈቃድ የሌለው ወይም ፈቃዱ ከተሽከርካሪው ጋር የማይገጥም ሰው ከነዳው ሽፋኑ የለም። በዚህ ጊዜ የሚወድቀው ባጃጇን በብድር የገዛ፣ ልጆቹን በእሷ የሚያስተምር ባለቤት ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ የሦስተኛ ወገን ስቲከር ካለው መድን ያለው ይመስለዋል። አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን አገራችን የገባው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ዓላማው የተገጨው ሰው ያለ ሕክምና እንዳይቀር ነው፤ ሕጉን ያወጣው ይባረክ፣ ብዙ ሰው አትርፏል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ለጎዳው ሰውም የመድን ፈንዱ ይደርስለታል። ግን የእናንተን መኪና አንድ ብሎን አይገዛላችሁም። ለተጎጂውም ቢሆን ጣሪያ አለው። በ2005ቱ አዋጅ ለሞት ቢበዛ 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና 2,000 ብር ነበር የተወሰነው። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ከፍ ተደርጓል፤ የሕክምናውና የዕቃው ዋጋ ደግሞ ከእሱ ቀድሞ ነው የሮጠው። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ልዩነቱ ከባለቤቱ ኪስ ነው።

ስለ ዋጋ ካነሳን ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከዚያ በፊት በተገመተ ዋጋ ውሉን ዝም ብሎ የሚያሳድስ ሰው ብዙ ነው። መኪናዋ ገበያ ላይ የምታወጣው ሌላ፣ ውሉ ላይ የተጻፈው ሌላ ሲሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በተጻፈው መጠን እየቀነሰ ነው። ግማሽ ዋጋዋን ያስመዘገበ የጥገናውን ግማሽ ከራሱ ይጨምራል። በዚያ ላይ ኤክሰስ የሚሉት ከባለቤቱ የሚቀነስ ድርሻ አለ። ይህንንም የሚነግረን የለም፤ ጋራዥ ቆመን ነው የምንሰማው።

እኔ ኢንሹራንስ አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። አደጋ ደርሶባቸው ካሳቸውን በአግባቡ ተቀብለው ሥራቸውን የቀጠሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ አመስግነው አይጠግቡም። ቅር የሚለኝ፣ ያ ጥቅም የሚደርሰው አንቀጹን ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ አንድ ነገር ቢያዝልን ብዙ እንባ በቀረ ነበር። ከወፍራሙ ውል ፊት አንድ ገጽ ይያያዝ። በአማርኛ፣ እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ በሲዳምኛም ይጻፍ። መኪናው ለምን እንደሚሠራና ለምን እንደማይሠራ፣ ማን እንደሚነዳው፣ ምን ያህል እንደተገመተ፣ ከባለቤቱ ምን እንደሚቀነስ በግልጽ ይናገር። ወኪሉ ያቺን ገጽ አንብቦ ሳያስረዳ አያስፈርም። መሥሪያ ቤቶችም «በራስህ መኪና ሂድ» ከማለታቸው በፊት የሠራተኛውን ውል ይዩት፤ ለነዳጅ የሚያወራርዱ እጆች ለአረቦኑ ጭማሪም ማወራረድ አያቅታቸውም።

እስከዚያው እናንተ በመኪናችሁ የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ሳይቃጠል በቅጠል። ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡትና የአጠቃቀም ወሰን የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ካልገባችሁ የሚገባውን ሰው አስነብቡ። ከዚያ መኪናዬን ለዚህ ለዚህ ሥራ አውለዋለሁ፣ ይሸፈናል ወይ ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። የአፍ መልስ አትቀበሉ። በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ፣ ጭማሪ ካለ ከፍላችሁ በውሉ ላይ አጽፉት። መሥሪያ ቤታችሁንም የመስክ ትዕዛዙን በጽሑፍ ጠይቁ። ወዳጄ ያቺን መኪና በገዛ ገንዘቡ እያሠራ ነው፤ ፊቷ እስካሁን አላለቀም።